ከኩሬ እስከ ኩባያ፦ የውሃ ገቢና ወጪ

ከመጀመሬ በፊት

ለሦስት ሰዓት ብዬ የወጣሁት የእግር ጉዞ ሰባት ሰዓት ፈጀ። መንገድ ጠፋብን። የያዝኩት አንድ ሊትር ውሃ በአራተኛው ሰዓት አለቀ። የቀረውን መንገድ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነው የጨረስኩት። የሚያናድደው ደግሞ በመንገዳችን ላይ ሁለት ኩሬ ነበር። እንዲያውም አንደኛው ዳር ቁጭ ብለን አርፈናል። ውሃ ይፈላል ከዚያ ይጠጣል፣ ይህን ማንም ያውቃል። በምን ላፍላው? ክብሪት የለኝ፣ ጣሳ የለኝ።

ስለዚህ ስድስት ቅዳሜ መደብኩ። ቦታው ያው መንገድ የጠፋብን ሸለቆ ነው። ረዳቴ የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 14 ነው፤ አፉ ግን ከዚያ ይበልጣል። ደብተሩን የሚይዘው እሱ ነው። ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው፦ ገቢና ወጪ። ገቢ ያገኘነው ውሃ ነው፣ በሚሊ ሊትር። ወጪ ደግሞ ያን ውሃ ለማግኘት የፈጀነው ጊዜ፣ እየሠራን ከመጠባበቂያው የጠጣነው ውሃ፣ የተላጠ እጅ፣ ሌላም ሌላም። ያነበብኳቸው መመሪያዎች አሠራሩን ጥሩ አድርገው ይነግሩኛል። ስንት እንደሚያስወጣኝ ግን አይነግሩኝም።

«ሰው ያለ ውሃ 3 ቀን ይቆያል» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል። እሱ በጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ነው። በጠራራ ፀሐይ አቀበት የሚወጣ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ላብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ላብም ወጪ ነው፤ ይመዘገባል።

የራሳችን ደንብ አለን። 4 ሊትር መጠባበቂያ ውሃ ሁሌም ከእኛ ጋር ነው። የት እንደሄድንና መቼ እንደምንመለስ እህቴ ታውቃለች። ሙከራ ላይ ያለ ውሃ ሳይፈላ ማንም አፍ አይገባም።

ቀን 1፦ ፍለጋ

ኩሬዎቹን ረስተን ከዜሮ ጀመርን። ውሃ የት አለ?

መጀመሪያ ቁልቁል ወረድን። ሌላው ምልክት ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። የሸለቆው ወለል ላይ የደረቀ ወንዝ አለ፤ አሸዋና ጠጠር ብቻ። ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጡ የእንስሳት ዱካዎች ወደ አንድ ቦታ ይጠባሉ። ዱካ ሲበታተን ከውሃ እየራቅህ ነው፣ ሲገናኝ እየቀረብህ ነው። ጥራጥሬ የሚበሉ ወፎች፣ ለምሳሌ እርግብ፣ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋሉ። ጠዋትና ማታ ዝቅ ብለው ቀጥ ብለው ከበረሩ ልብ ማለት ነው። ንስር ግን አይጠቅምም፤ ፈሳሹን ከሚበላው ሥጋ ነው የሚያገኘው።

ንብም ምልክት ነው ብዬ አስረዳሁት።

«አክስቴ፣ እነዚህ የመጡት ለብስኩትሽ ነው» አለኝ።

ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በውጭው ጎን፣ ዳሩ ሥር ቆፈርን። ውሃው ሲሄድ አጥብቆ የሚቦረቡረው ያን ጎን ስለሆነ ሲደርቅም መጨረሻ የሚቀረው እዚያ ነው። አሸዋው ላዩ ነጭ ነው። ክንድ ሳይሞላ ጠቆረ፣ በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን ያዘ። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ከጎን መንጠብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሙሌት ደፋነው፤ ጭቃ ነው። ሁለተኛውንም ደፋነው። ሦስተኛው የደከመ ሻይ መሰለ።

ገቢ፦ በአንድ ሰዓት 1,800 ሚሊ። ወጪ፦ 45 ደቂቃ ቁፋሮ በጥላ፣ 400 ሚሊ መጠጥ። ትርፍ!

ቀን 2፦ ላስቲኩና ጉድጓዱ

ይህን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ሰፊ ጉድጓድ ትቆፍራለህ፣ መሃሉ ላይ ኩባያ ታስቀምጣለህ፣ አፉን በግልጽ ላስቲክ ትሸፍናለህ፣ ላስቲኩ መሃል ላይ ከኩባያው አናት ትይዩ ጠጠር ትጥላለህ። ፀሐይ የአፈሩን እርጥበት ታተነዋለች፤ እንፋሎቱ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ተንሸራቶ ኩባያው ውስጥ ይንጠባጠባል። ሬይ ጃክሰንና ኮርነሊስ ቫን ባቬል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ለበረሃ ብለው አወጡት። ከዚያ ወዲህ በየመመሪያው ሥዕሉ አለ። ሥዕሉ ያምራል።

አንድ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቆፈርን። አፈሩ ሥር የበዛበት ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሸሚዛችን ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል። ሁለታችን 1,300 ሚሊ ጠጣን። ቅጠልም ጨመርንበት፣ ጠርዙን በአፈር ደፈንን፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ጠበቅን።

ኩባያው ውስጥ 180 ሚሊ ነበር።

ልጁ ደብተሩ ላይ «ኪሳራ» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እውነቱን ነው። የተገኘችው ውሃ ንጹሕ ናት፤ ጨዋማ ወይም የተበላሸ ውሃ ብቻ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቆፋሪው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ለተጠማ ሰው ግን አካፋ መስጠት አይደለም መፍትሔው።

በዚያው ቀን፣ እንደ ጎን ሥራ፣ ሦስት ግልጽ ፌስታል ቅጠል በበዛባቸው ቅርንጫፎች ላይ አጥልቀን አፋቸውን አስረን ነበር። ዛፉ በቅጠሉ የሚያተነውን መያዝ ነው፣ ሌላ ምንም ሥራ የለውም። ከሰዓት በኋላ ከአንደኛው 110፣ ከሌላው 85 አገኘን። ሦስተኛውን እሾህ በስቶታል፤ ዜሮ። 195 ሚሊ በአምስት ደቂቃ ሥራ! ከጉድጓዱ በለጠ። ጣዕሙ ቅጠል ቅጠል ይላል። መርዛማ መሆን አለመሆኑን የማታውቀው ዛፍ፣ በተለይ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ከሆነ፣ አይነካም።

ቀን 3፦ ኩልል ያለው ውሃ

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ደርሰን የጥጥ ጨርቅ እግራችን ላይ ጠምጥመን በረጅም ሣር ውስጥ ተመላለስን። ሲርስ ወደ ጣሳ እንጨምቃለን። በ25 ደቂቃ 240 ሚሊ ጤዛ። ውስጡ ሁለት ጉንዳንና ብዙ የሣር ፍሬ አለ። ይህም መፍላት አለበት፤ ሣሩ ላይ ማን እንዳደረ አናውቅም።

ከዚያ ወደ ኩሬው። ልጁ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ጮህኩበት። ዳር ላይ ድንጋዩን የሞሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ቢልሃርዚያ ለመያዝ መጠጣት አያስፈልግም፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በቆዳ ነው የሚገባው። በዚህ ኩሬ ቢኖርም ባይኖርም እግራችንን አንነክርም። ጣሳውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስረን ከዳር ቀዳን።

ዛሬ ማጥለያ ነው የምንሠራው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠን ዘቀዘቅነው። አፉ ላይ ጨርቅ፣ ከዚያ የተደቆሰ ከሰል፣ ከዚያ ደቃቅ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር። ውሃ ከላይ ይገባል፣ ከታች ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ከሰሉን አላጠብነውም። ከሰልና አሸዋ ለማጠብ 2 ሊትር ሄደ። ይህን የትም አላነበብኩም። ማጥለያ ራሱ ይጠጣል።

አምስተኛው ዙር ላይ ግን ውሃው ኩልል አለ። ብርጭቆው በኩል የልጁን ጣት አሻራ ማየት እችል ነበር። ሽታውም ቀንሷል።

«ይኸው፣ ይጠጣል!»

«አይጠጣም።»

«አክስቴ፣ ካንቺ ቤት ውሃ ይጠራል እኮ።»

ችግሩ መጠን ነው። ጃርዲያ የሚባለው ተባይ በውሃ ውስጥ ሲጓዝ ከ8 እስከ 12 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ባክቴሪያ ከዚያ ያንሳል፣ ቫይረስ ደግሞ ከባክቴሪያም በብዙ እጥፍ ያንሳል። በአሸዋችን ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ለእነሱ አስፋልት ነው። ከተሞች የሚጠቀሙበት ዘገምተኛ የአሸዋ ማጣሪያ አለ፤ እሱ ጀርም ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው ግን አሸዋው ላይ የሚበቅለው ሕያው ስስ ሽፋን ነው፣ እሱ ደግሞ ለመብቀል ሳምንታት ይፈልጋል። የእኛ ጠርሙስ ዕድሜው አንድ ሰዓት ነው።

ተራ ጨርቅም ቢሆን ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ ባንግላዴሽ ውስጥ ሴቶች ውሃቸውን አራት እጥፍና ከዚያ በላይ በታጠፈ አሮጌ ሳሪ እንዲያጠሉ አድርገው በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። ኮሌራ በ48 በመቶ ቀነሰ። የኮሌራ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ በውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ተለጥፎ ነው የሚሄደው፤ ጨርቁ ተሸካሚዎቹን ያስቀራል። ለአንድ መንደር ግማሹን መቀነስ የብዙ ሰው ሕይወት ነው። ለእኔ አንድ ኩባያ ግን የቀረው ግማሽ ይበቃኛል።

ገቢ፦ 900 ሚሊ የጠራ፣ የማይጠጣ። ወጪ፦ 2,000 ሚሊ ለማጠቢያ። ልጁ የትኛው ዓምድ ላይ እንደሚጽፈው ጠየቀኝ። እኔም አላወቅሁም።

ቀን 4፦ እሳት፣ ማለትም ጭስ

የቀስት መሰርሰሪያ። የጎበጠ እንጨት ላይ ገመድ ታስራለህ፣ ገመዱን ዘንግ ላይ አንዴ ትጠመጥመዋለህ፣ ዘንጉን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አቁመህ አናቱን በድንጋይ ጫን ብለህ ቀስቱን ወደፊት ወደኋላ። ሲታይ ቀላል ነው።

መጀመሪያ የመረጥኩት እንጨት ጠንካራ ነበር። ለሃያ ደቂቃ ሲጥ ሲጥ ሲል ቆየ፤ ዘንጉ አብረቀረቀ እንጂ አልሞቀም። ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ፣ የደረቀና ለስላሳ እንጨት ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛውን እንጨት ይዤ እንደገና። ዘንጉ ሦስት ጊዜ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ አንዴ የልጁን ጉልበት መታው። ገመዱን አጠበቅን። ቀዳዳው ጫፍ ላይ የሦስት ማዕዘን ክፍተት መቁረጥ ረስቼ ነበር፤ ዱቄቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ አየርም የሚያገኘው በዚያ ነው። ያለ እሱ ጭስ ብቻ ነው።

ከቆረጥን በኋላ ዱቄት መውረድ ጀመረ። ቡናማ ከሆነ ገና ነው። ጥቁርና ለስላሳ ሲሆን ተቃርቧል። የእኛ ቡናማ ነበር። ከዚያ ጠቆር አለ። ጭሱ ወፈረ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ክንዴ ዛለ፣ አቆምኩ። ማቆም አልነበረብኝም። ጭሱ ከዱቄቱ ሳይሆን ከእንጨቱ ነበር፤ ወዲያው ጠፋ።

ሦስት ሰዓት። ሁለት ውሃ የቋጠረ መዳፍ። ከዚያ ኪሴ ገብቼ ላይተር አወጣሁና ጭራሮውን አቀጣጠልኩ። ልጁ ምንም አላለም። ይህ ከመናገሩ ይብሳል።

ከዛሬ ጀምሮ ላይተር በሦስት ቦታ ነው የሚቀመጠው፦ አንዱ ኪስ፣ አንዱ ቦርሳ፣ አንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጣሳው ጋር። የብልጭታ ዘንግም ገዛሁ። ፌሮሴሪየም የሚባል ቅይጥ ብረት ነው፤ ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የተባለ ኦስትሪያዊ ኬሚስት በ1903 እ.ኤ.አ. ነው የፈጠረው። ላይተር ውስጥ ያለችው ትንሽ «ድንጋይ» ራሷ እሱ ናት። ቢነከርም ጠርገኸው ይሠራል። ቀስቱን ግን አልተውኩም፤ አሁን ነገሩ ግላዊ ሆኗል።

ቀን 5፦ ጣሳው

ሦስት ድንጋይ፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ክንድ ሙሉ ጭራሮ። ከመለኮስ እስከ መንተክተክ 22 ደቂቃ፣ 1,500 ሚሊ። ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ሦስት ደቂቃ፤ ከፍታ ሲጨምር ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ። 2,400 ሜትር ላይ ወደ 92 ዲግሪ ነው። ያም ቢሆን ይገድላል። አብዛኛው ጀርም 70 ዲግሪ ላይ ሳይደርስ መሞት ይጀምራል። እንዲንተከተክ የምንጠብቀው ቴርሞሜትር ስለሌለን ነው፤ አረፋው ቴርሞሜትራችን ነው።

ማፍላት የማይነካው ነገር አለ። የእርሻ መድኃኒት፣ ከማዕድን ቦታ የሚወርድ ብረት፣ ጨው፣ እነዚህ ሁሉ ውሃው ሲተን ይበልጥ ይወፍራሉ። እርሻ ወይም ፋብሪካ ሥር ካለ ኩሬ ባንቀዳ ይሻላል።

ልጁ ከጣሳው በኩባያ ቀድቶ ጠጣ። «የሞተ ውሃ ነው» አለ። ከኩባያ ወደ ኩባያ ከፍ አድርገን ስንገለብጠው አየር ገባበትና ተሻለ። የተረፈውን ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጠርሙሱ ገለበጥነው፤ በመንገድ ላይ እኔ ጠጣሁት።

ገቢ፦ 1,500 ሚሊ። ወጪ፦ ምንም የማይባል። የምወደው ዘዴ ይኸው ነው።

ቀን 5፣ ተጨማሪ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ የተጻፈ)

ስድስተኛው ቅዳሜ ተሰረዘ። ሆዴ ተነፋ። የሚያስገሳኝ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ዝርዝሩን ልተወው። ምርመራ፦ ጃርዲያ። መድኃኒት ተሰጠኝ፤ እየተሻለኝ ነው።

ልጁ ደህና ነው። እንዲያውም በጣም ደህና ነው፤ ስልክ ደውሎ ሲስቅ ነበር።

አልጋ ላይ ሆኜ ደብተሩን አገላበጥኩ። ጃርዲያ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ቀን 5 ከተጠርጣሪዎች አንዱ ነው። ውሃው ፈልቷል። እሱም ጠጥቷል፣ እኔም ጠጥቻለሁ። ልዩነቱ አንድ መስመር ላይ አለ፦ «ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጠርሙሱ ገለበጥነው።» የትኛው ጠርሙስ? ጠዋት ከኩሬው ውሃ ያመላለስንበት ጠርሙስ። አልታጠበም። ክዳኑ ጥርስ ውስጥ የኩሬ ውሃ ነበረበት፣ አፉም እንደዚያው። እሱ በኩባያ ጠጣ፣ እኔ በጠርሙስ። ሌላ ቦታ ይዞኝ ሊሆን ይችላል፣ መሐላ አልገባም። ግን ከተሞከሩት ዘዴዎች ሁሉ የተሻለውን ሠርቼ በአንድ ክዳን አበላሽቼዋለሁ ብዬ አምናለሁ።

የጥሬ ውሃው ጠርሙስ አሁን ቀይ ፕላስተር አለው። ክዳኑም ጭምር።

ቀን 6፦ ጠብታ፣ ፀሐይና ቀስቱ

አንድ ወር አልፎ ተመለስን። ኪሎዬ ቀንሷል። ልጁ ረዝሟል።

ክሎሪን በፍጥነት። ሽታ ማሳመሪያ ያልተጨመረበት፣ 5 ወይም 6 በመቶ የሆነ በረኪና፣ ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ። ውሃው ደፍረስ ካለ 4 ጠብታ። ሲያሸቱት ትንሽ ክሎሪን ክሎሪን ማለት አለበት፤ ካላለ መድገም ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተባይ ግን አይገድለውም። ስለዚህ ለእኔ ሁለተኛ ምርጫ ነው፣ እሳት በማይቻልበት ቀን።

ፀሐይ ይበልጥ ወደድኩት። እስከ 2 ሊትር የሚይዝ ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ሙሉ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማጋደም ነው። ሰማዩ ግማሽ በግማሽ ከተሸፈነ ሁለት ቀን። የሚገድለው ጨረሩ ነው፣ ስለዚህ ውሃው ጨረር ማሳለፍ አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጠርሙሱን የታተመ ወረቀት ላይ አቁመህ ከአናቱ ወደ ታች ተመልከት፤ ትልልቁ ፊደል ይነበባል? የጉድጓዳችን ውሃ ወደቀ። በቀን 3 ማጥለያ አሳልፈነው ስንሞክር ተነበበ። ያ ጠርሙስ ታዲያ ሥራ አለው! አይገድልም፣ ለሚገድለው ግን መንገድ ይጠርጋል። ልጁ ወደ ቀን 3 ገጽ ተመልሶ 900 ሚሊውን «ገቢ» ላይ ጻፈው።

ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ተኝቶ እያለ ቀስቱን አወጣሁ። ዘንጉን ቤት ውስጥ አንድ ወር አድርቄዋለሁ። ክፍተቱ ተቆርጧል። ቅርፊት ፍቄ እንደ ወፍ ጎጆ ያለሰለስኩት ጭረት አጠገቤ አለ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ ባለፈው መጀመሪያ ላይ ነው ኃይሌን የጨረስኩት። ዱቄቱ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። ጭስ። አሁን ነው የማይቆመው። ልጁ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ይለኛል። ክፍተቱ ሞልቶ ሲፈስ ቀስቱን ጣልኩት። ዘንጉን አነሳሁ። ጭሱ አልቆመም። ከዱቄቱ ክምር ውስጥ ራሱን ችሎ ቀጭን ሆኖ ይወጣል።

በእጄ አራገብኩት። መሃሉ ላይ የክብሪት ጭንቅላት የምታክል ቀይ ነገር ታየች። ወደ ጎጆው አዛወርናት፣ ጠቀለልናት፣ ልጁ በስሱ እፍ አለ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጭሱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቦግ አለና ሁለታችንም ወደኋላ ተስፈነጠርን።

350 ሚሊ አፈላን፣ በኩባያ ጠጣን። ልጁ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፦

ገቢ፦ 350 ሚሊ። ወጪ፦ አንድ ወር፣ አራት የተላጠ ቦታ፣ የአክስቴ ሆድ።